«አልመጡም» የተባሉት መንገደኛ

ሮተርዳም ካለው ሐበሻ መካከል ርካሽ መንገድ በማወቅ ብርነሽን የሚስተካከላት አልነበረም። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሠራተኛ ስለሆነች የትኬት መሸጫ መስኮቶቹን በየቀኑ ትወለውላለች፤ ስትወለውልም የተለጠፈውን ሁሉ ታነባለች። ብራስልስ ለሠርግ፣ ፓሪስ ለለቅሶ፣ ኮሎኝ ለጉባኤ የሚሄድ ሰው ከማንም በፊት የሚደውለው ለእሷ ነው። እሑድ አምልኮ ሲያልቅ ከፓስተሩ ይልቅ እሷን የሚከብባት ሰው ይበዛል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። እሷም ትኮራበታለች። ምክሯን ሰምቶ የተጎዳ ሰው እስከዚያ መኸር፣ እስከ ፈረንጆቹ 1995 ኦክቶበር ድረስ፣ አንድም አልነበረም።

በዚያ ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አቦይ ይካሎ ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው በሯን አንኳኩ።

አቦይ ይካሎ ሻርሎይስ ሰፈር ውስጥ ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ የስድሳ ስድስት ዓመት ኤርትራዊ ናቸው። ሮተርዳም ወደብ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ኮንቴነር ሲያስሩና ሲፈቱ ኖረው ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ጡረታ ወጥተዋል። አማርኛን የለመዱት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ ነው፤ ጥርት አድርገው ይናገሩታል፣ ሲረበሹ ብቻ ትግርኛው ይቀድማቸዋል። ያን ዕለት ቀድሟቸው ነበር።

«ጓለይ» አሏት ገና በሩ ሳይዘጋ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጓለይ፣ መንገድ ፈልጊልኝ።»

«ይቀመጡ እስቲ። ወዴት ነው?»

«ፍራንክፈርት። ዘቢብ እዚያ ናት።»

ዘቢብ ታላቅ እህታቸው ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ነች። ከአገር ከወጡ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ አልተያዩም። አቦይ ይካሎ የያዙት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሌላ አገር ሁሉ ያስገባል፤ ሸሽተው ወደወጡበት አገር ግን አያስገባም። አሁን ደግሞ ልጇ ኣብራሃለይ ዓይኗን ሊያሳክማት ፍራንክፈርት አምጥቷት ኖሯል። ሕክምናው አልቋል፤ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ወደ አስመራ ትመለሳለች። አቦይ ይካሎ የሰሙት ገና የዚያኑ ዕለት ጧት ነው።

«ለምን ቀደም ብሎ አልነገረኝም ብዬ ልጁን ልቆጣው ነበር» አሉ። «ኋላ ድምፅዋን አሰማኝና ቁጣው ጠፋኝ። መቼ ትመጣለህ፣ ዓርብ ምሳ ጠብቄሃለሁ ነው ያለችኝ። እኔን አልጠየቀችኝም፣ አዘዘችኝ እንጂ።»

ብርነሽ መንገዶቹን አንድ በአንድ ታወጣ ታወርድ ጀመር። አውሮፕላኑን ገና ከአፏ ሳይወጣ ተወችው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ለሚነሳ ሰው የሚጠየቀው ዋጋ የአቦይ ይካሎን የወር ጡረታ ጠራርጎ ይወስዳል። አሸናፊ የሚባል የዴን ሃግ ሰው ዕቃና ሰው ቀላቅሎ ጀርመን የሚመላለስበት አሮጌ ቮልስዋገን አለው፤ ባለፈው ወር ግን አውራ ጎዳና ላይ ቆሞበት ስድስት ሰው ዝናብ ሲወርድበት ውሏል። ባቡሩ መልካም ነው፣ ግን ዋጋው ከአውቶቡሱ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። አውቶቡሱ ዓርብ ጧት ሁለት ሰዓት ከአምስተርዳም ተነስቶ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፍራንክፈርት ይገባል። ወንበሩ ሰፊ ነው፤ መቀያየር የለውም፤ ለታመመ ጉልበት ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

«አውቶቡስ ነው የሚሻለው» ብላ ፈረደች። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ተራዬን የሥራ ጓደኛዬ ጽጌ ትሠራልኛለች፤ እሷ ካለች ችግር የለም።»

«ድንበሩስ? ወረቀቴን ታውቂዋለሽ።»

«ድንበር እኮ ቀረ፣ አቦይ! ከመጋቢት ወዲህ ኬላው ባዶ ነው፤ ማን ይጠይቅዎታል? ቢጠይቅዎትስ፣ ወረቀትዎ ሕጋዊ አይደለም እንዴ?»

ይህን ያለችው እርግጠኛ ሆና ነበር። ኋላ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይኸው ነው።

ረቡዕ ዕለት ዴን ሃግ ሄዳ ትኬቱን ቆረጠች። የአውቶቡስ ኩባንያው ቢሮ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካሉት ሱቆች መካከል ነበር። ብርነሽ ጥንቁቅ ናት፤ የአቦይ ይካሎን ሰነድ ይዛ ሄዳ ከመስኮቱ ጀርባ ለተቀመጠችው ወጣት አሳየቻት። ሽፋኑ ግራጫ ነው፤ ጥጉ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት።

«በዚህ መሄድ ይቻላል አይደል?»

ወጣቷ ገለጥ አድርጋ ፎቶውን አየችና «ይቻላል» አለች። ገንዘቡን ተቀበለች፤ ስሙን ከሰነዱ ገልብጣ ትኬቱ ላይ ጻፈች። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ዓርብ ጧት አቦይ ይካሎ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው ወረዱ። ለእህታቸው የገዙትን የሱፍ ሹራብ በወረቀት ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል፤ ሻንጣ ውስጥ ይጨማደዳል ብለው ነው። ከሮተርዳም በመጀመሪያው ባቡር ተሳፍረው አምስተርዳም ሲደርሱ ገና ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸው ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሰልፉ ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው አለ፤ ተማሪዎች፣ ባልና ሚስት፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው አንዲት የሆላንድ አሮጊት።

ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ትኬት ይቀበላል። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንጹሕ ሰው ነበር። ትኬቱን ያያል፣ ጥጉን ይቀድዳል፣ «መልካም ጉዞ» ይላል። አሮጊቷን «መልካም ጉዞ» አላቸው፤ ተማሪዎቹን «መልካም ጉዞ» አላቸው። የአቦይ ይካሎ ተራ ሲደርስ ትኬታቸውን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አያቸው።

«ፓስፖርት።»

አቦይ ይካሎ ከደረት ኪሳቸው ሰነዱን አውጥተው ሰጡት። ሹፌሩ አገላብጦ አየው። ደግሞ ገለበጠው።

«ይሄ ፓስፖርት አይደለም።»

«የጉዞ ሰነድ ነው» አለች ብርነሽ ከኋላቸው። «የዚህ አገር መንግሥት የሰጠው ነው። ውጭው ላይ ተጽፏል፣ አንብበው።»

«ምን እንደተጻፈበት አልጠየቅሁሽም። ፓስፖርት ነው ያልኩት።» ወደ አቦይ ይካሎ ዞረና «አንተ አትሄድም፣ ወደ ጎን ቁም» አላቸው።

በሆላንድኛ አንተና እርስዎ አለ። አሥራ ሰባት ዓመት ወደብ ላይ ሲሠሩ አለቆቻቸው እንኳ በስማቸው ላይ «መነር» እያሉ፣ ጌታዬ እያሉ የጠሯቸውን ሰው፣ ሱፍና ክራቫት ያደረጉትን ሽማግሌ፣ ያ ሰው እንደ መንደር ውሪ አንተ አላቸው። ብርነሽ ከአቦይ ይካሎ ጎን አልፋ ፊቱ ቆመች።

«የሌሎቹን ፓስፖርት ለምን አላየህም? ከፊታችን ሃያ ሰው ገብቷል፤ አንዱን እንኳ ጠይቀሃል?»

«እዚህ ማንን እንደምጠይቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ወረቀት የሌለው ሰው ይዤ ድንበር ላይ ብያዝ የምቀጣው እኔ ነኝ።»

«ወረቀቱ እጅህ ላይ ነው እኮ!»

ነጭ ፀጉር ያላቸው አሮጊት ከፊተኛው ወንበር ብድግ ብለው ወደ በሩ መጡ። «ይቅርታ» አሉ ሹፌሩን፣ «እኔ ፓስፖርቴን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት። አሁን ትዝ አለኝ። ልውረድ?»

ከውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ሹፌሩ ፊቱ ቀላ። «ይቀመጡ፣ እመቤቴ። የእርስዎ ሌላ ነገር ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

ሹፌሩ ሰዓቱን አየ። ከኋላ በኩል «እየረፈደ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሌላውም ተቀበለው። ተማሪዎቹ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው ብርነሽን ከሹፌሩ ይልቅ አናደዳት። ሠላሳ ሰው እያየ! ሠላሳ ሰው ከአንዲት አሮጊት በቀር ትንፍሽ ሳይል!

«አንቺ መግባት ትችያለሽ» አላት ሹፌሩ የእሷን የሆላንድ ፓስፖርት ካየ በኋላ። «እሱ ይቀራል።»

«እሳቸው ከቀሩ እኔ የት ነው የምሄደው? የማን እህት ጋ?»

አቦይ ይካሎ ክርኗን ያዝ አደረጓት። «ተይው፣ ልጄ። ተይው። የሰው ፊት እሳት ነው፤ አትሟገቺው» አሉ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። ሰነዳቸውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ሹፌሩ ሰነዱን በመዳፋቸው ላይ አላኖረውም፤ ሻንጣቸው ላይ ጣለው። በሩ ተዘጋ። አሮጊቷ ከመዘጋቱ በፊት ስማቸውንና ስልካቸውን የጻፉበት ቁራጭ ወረቀት ብርነሽ እጅ ውስጥ አስገብተው ነበር። አውቶቡሱ ታጥፎ ከዓይን ሲጠፋ ሁለቱ ሰዎች አስፋልቱ ዳር ቆመው ቀሩ።

ሽማግሌው ሹራቡን እንደታቀፉ ነበር። ብርነሽ ልታያቸው አፈረች። መንገዱን የመረጠችው እሷ፤ «ማን ይጠይቅዎታል?» ያለችው እሷ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታ ግን ከዚህ ብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ የኖረ መሆኑ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«ዓርብ ምሳ ጠብቄሃለሁ ብላለች» አሉ ብቻ።

«ይምጡ» አለች ብርነሽ። «ዴን ሃግ እንሄዳለን።»

«ዴን ሃግ ምን አለ?»

«ትኬቱን የሸጠችልኝ አለች።»

ዴን ሃግ ሲደርሱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ወጣቷ እዚያው መስኮት ጀርባ ተቀምጣለች። ብርነሽ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ወጣቷ አዝና ሰማቻት፤ ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ጥቂት ጽፋ ጠበቀችና ፊቷ ተለወጠ።

«እዚህ ላይ ሁለቱም መንገደኞች አልመጡም ይላል» አለች። «ሹፌሩ እንደዚያ ነው የመዘገበው። ያልመጣ መንገደኛ ደግሞ ገንዘቡ አይመለስለትም። ደንብ ነው።»

«አልመጡም?»

«እንዲህ ነው የሚለው።»

ብርነሽ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሷን ይዛ ነበር። ሰውን ከበር መመለስ አንድ ነገር ነው፤ የመለሱትን ሰው ከመጀመሪያው አልነበረም ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነው። ወንበር ስባ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በሩ መሐል አስቀመጠችና «ይቀመጡ፣ አቦይ» አለች። አቦይ ይካሎ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀመጡ። እሷ አጠገባቸው ቆመች።

«እሺ» አለች በሆላንድኛ፣ ሰዋስው ሳትጨነቅለት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አልመጡም ካላችሁ ይኸው መጥተዋል። እዩዋቸው። ይህን የጻፈ ሰው መጥቶ አልመጡም ብሎ ፊታቸው ላይ እስኪነግራቸው ድረስ ከዚህ አንነቃነቅም።»

ትኬት ሊገዙ የሚገቡ ሰዎች በሽማግሌው ጎን እየታከኩ ማለፍ ነበረባቸው። ብርነሽ ለእያንዳንዱ ነገረችው። አንዳንዱ ትከሻውን ነቅንቆ ገዝቶ ወጣ። አንድ ሱሪናማዊ ግን ሰምቶ ሲያበቃ «እኔም በዚህ አልሄድም» ብሎ ተመለሰ። እኩለ ቀን ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ከጓዳ ወጣ። ገና ብዙ ዕድሜ የሌለው፣ ፈገግታ የሚያበዛ ሰው ነበር። ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ የሚያሰጥ ወረቀት እሰጣችኋለሁ አለ።

«የሳቸው እህት እሑድ ነው የምትሄደው። ቅናሹን ለማን ልንሰጠው?» አለች ብርነሽ።

«እመቤት፣ ይህ የንግድ ቤት ነው። ካልወጣችሁ ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ! እኔም ፖሊስ እፈልጋለሁ።»

ጠራ። ፖሊስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አቦይ ይካሎ ቀለማቸው ጠፋ፤ ከአገር ያስወጣቸው የዚያ ዓይነት ሰው በር ማንኳኳት ነበር። «እንሂድ፣ ልጄ፣ እባክሽ» አሏት። ብርነሽም ልቧ ደነገጠ፤ ሽማግሌውን ወደ ባሰ ነገር የጎተተቻቸው መሰላት። ግን እግሯ አልተነሳም። ካሁን በኋላ ብትወጣ ያ በኮምፒውተር የተጻፈው ውሸት እውነት ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ፖሊሶች መጡ። በዕድሜ የገፋው ሥራ አስኪያጁን እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ከዚያ ወደ ወንበሩ ጎንበስ አለና «መነር፣ ሰነድዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» አለ። እርስዎ ብሎ ነው የጠየቃቸው። አቦይ ይካሎ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ፖሊሱ ከሽፋኑ ጀምሮ እስከ ማለቂያው ቀን አንብቦ ለሥራ አስኪያጁ ዘረጋለት።

«ይህ የሚሠራ የጉዞ ሰነድ ነው። ጀርመን ለመግባት ይበቃል። ታዲያ እኔን ምን ላድርግ ብለህ ጠራኸኝ?»

«ሹፌሩ… የኩባንያው መመሪያ…»

«ትኬት ሸጣችሁላቸዋል?»

«ሸጠናል፤ ግን አልመጡም ተብሎ…» ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን ሰው አየና ነገሩን መጨረስ አቃተው።

ፖሊሱ ፈገግ አላለም። ገንዘቡን መልሱላቸው አለ፤ ቀጥሎም ወደ ብርነሽ ዞሮ ቢሮው ሲዘጋ ግን ግድ መውጣት አለባችሁ ብሎ አስጠነቀቃት። እሷም ሰማችው። በዚያ አገር ሕግ ለማንም ቢሆን የሚቆመው እስከ መዝጊያ ሰዓት ድረስ ነው ብላ በልቧ ተማረረች።

ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡን ቆጥሮ ካስረከበ በኋላ አዲስ ሐሳብ አመጣ። ነገ ጧት በሚነሳው አውቶቡስ ላይ ሁለት ወንበር አለ፤ ለሹፌሩም እንዲያሳልፋችሁ ማስታወሻ እጽፋለሁ አለ። ብርነሽ ይህንኑ ነበር የምትፈልገው። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት አቦይ ይካሎ ወንበሩን ደግፈው ተነሱ።

«አልሄድም» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሆላንድኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «አሥራ ሰባት ዓመት ለዚህ አገር ዕቃ አወረድሁ። ሙዝ አወረድሁ፣ መኪና አወረድሁ። ይህን የተቀመጥህበትን ወንበር ምናልባት ያወረድሁት እኔ ነኝ። ለዕቃው ማንም ፓስፖርት አልጠየቀውም። እኔ መንግሥት የፈረመበት ወረቀት ይዤ እየሄድሁ፣ ሌላ ደግሞ ይህ ሰው ይለፍ የሚል ማስታወሻ አንተ ልትጽፍልኝ ነው? አልፈልግም። ያንተን ወረቀት አልይዝም።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። አቦይ ይካሎ ሹራባቸውን አንስተው ቀድመው ወጡ።

ብርነሽ ተከትላቸው ስትወጣ እንባዋ መጣ። የተናደደችው በራሷም ነበር፤ ያ ማስታወሻ ምን ማለት እንደሆነ ሳታስብ እሺ ልትል ነበራ! ጣቢያው ውስጥ ገብታ የነገውን የመጀመሪያ ባቡር ትኬት ገዛች። የተመለሰው ገንዘብ አልበቃም፤ የቀረውን ከራሷ ጨመረች። ሽማግሌው «አይሆንም» ሲሉ «መንገዱን የመረጥሁት እኔ ነኝ፣ ዝም ይበሉ» ብላ ተቆጣቻቸው። የዚያን ዕለት መነሳት አልተቻለም፤ የአቦይ ይካሎ ጉልበት አብጦ ሱሪያቸውን ወጥሮት ነበር። ከጣቢያው ስልክ ፍራንክፈርት ደወሉ። ለእህታቸው የነገሯት አውቶቡስ ተበላሸ ብለው ነው። እውነቱን ለእሷ መናገር ከበር ከመመለሱ ይልቅ አሳፈራቸው። ብርነሽ አጠገባቸው ቆማ ይህን ሰማች። የበደለ ሌላ፣ የሚዋሸውና የሚያፍረው እሳቸው!

ቅዳሜ ባቡሩ ውስጥ የጀርመን ፖሊሶች አልፈዋል። ከአቦይ ይካሎ አጠገብ ሲደርሱ ብርነሽ ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። አንደኛው ሰነዱን ተቀብሎ፣ አይቶ፣ መለሰና አለፈ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው አንድ ሙሉ ቀን የተወሰደባቸው።

ዘቢብ በልጇ በኣብራሃለይ ቤት በር ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። አንድ ዓይኗ ገና በፋሻ ተሸፍኗል። ወንድሟን በሌላኛው ትኩር ብላ አየችና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ሸበትህ» አለችው በትግርኛ፤ ከዚያ ልቅሶው መጣ። ሹራቡን ወዲያው ለበሰችው። የዓርቡ ምሳ እንደተቀመጠ ነበር፤ ማንንም አላስነካችም፤ አሙቃ አቀረበችላቸው። እንዲህ ተቀምጠው የተጨዋወቱት ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከ እሑድ ጧት ብቻ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስትሰናበተው «ያቺ አውቶቡስ ባትበላሽ አንድ ቀን ይተርፈን ነበር» አለች። አቦይ ይካሎ «አዎ» አሉ።

ብርነሽ ሮተርዳም እንደተመለሰች ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈች። ሦስት ገጽ ሆነ። የአሮጊቷንም ምስክርነት አያያዘችበት፤ ደውላ ነግራቸው ኖሮ እሳቸውም በእጃቸው ጽፈው፣ ፓስፖርታቸውን ረስተው ፍራንክፈርት ደርሰው የተመለሱ መሆናቸውን ሳይደብቁ ልከውላት ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። በጥሩ ወረቀት ላይ የታተመ አራት መስመር ነው። በዕለቱ ስለተፈጠረው አለመግባባት ኩባንያው ያዝናል ይላል።

ደብዳቤውን ይዛ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣችና ለአቦይ ይካሎ አነበበችላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ደግመው አዩት።

«አለመግባባት» አሉ። «ምን ያልተግባባነው ነገር አለ? እሱ አትሄድም አለኝ፤ እኔም ገባኝ።»

ብርነሽ ይህንኑ ቃል በቃል ወደ ሆላንድኛ መልሳ፣ ከሥሩ የእሳቸውን ስም ጽፋ ሰጠቻቸው። አቦይ ይካሎ ሳይቸኩሉ፣ ፊደሉን አጉልተው ፈረሙበት። በማግሥቱ ፖስታ ቤት አስገባችው። ከኩባንያው ሌላ መልስ አልመጣም።